ተማሪው ሉዊ ብሬል ለዐይነ ሥውራን ያወጣው ጽሕፈት

ለተማሪ ከዕለት እንጀራው ቀጥሎ የሚያስፈልገው መጽሐፍና መጻፊያ ነው። ዐይን ያለው ልጅ መጽሐፍ ቢያጣ ከባልንጀራው ተውሶ ያነባል ፤ ወረቀት ቢያጣ በመሬት ላይ በጣቱ ይጽፋል ፤ መምህሩ የነገረውን ቢረሳ የጻፈውን ገልጦ ያያል። ዐይኑን ያጣ ልጅ ግን መጽሐፍ በእጁ ቢሰጡት እንኳ ለእርሱ ልሙጥ ወረቀት ነው። ስለዚህ ዐይነ ሥውር ተማሪ በየአገሩ ብዙ ዘመን የተማረው በጆሮውና በቃሉ ብቻ ነበረ። በኢትዮጵያም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዜማውን ፥ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ በቃላቸው አጥንተው ለመምህርነት የበቁ ዐይነ ሥውራን ሊቃውንት እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ይህ ታላቅ ነገር ነው ፤ ዳሩ ግን በቃል ብቻ የሚማር ሰው የሚያነብለት ሌላ ሰው በአጠገቡ እስካለ ድረስ ነው የሚማረው። ብቻውን ተቀምጦ መጽሐፍ መጠየቅ ፥ ያሰበውንም በእጁ ጽፎ ለሌላው ማስተላለፍ አይሆንለትም።

ይህን ችግር የፈታው ንጉሥ ወይም ስመ ጥር ሊቅ አይደለም። በፈረንሳይ አገር የኮርቻ ሠሪ ልጅ የሆነ ፥ ራሱም ዐይነ ሥውር የነበረ ፥ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ነው። ስሙ ሉዊ ብሬል ይባላል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሉዊ ብሬል በጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ዓ.ም. ከፓሪስ ከተማ በስተ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ሲሞን ርኔ ለአካባቢው ገበሬዎች ኮርቻና ልጓም እየሠራ የሚተዳደር ባለ እጅ ነበረ ፤ ሉዊም ከአራት ልጆች የመጨረሻው ነበረ። በ1812 ዓ.ም. ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሆነው ወደ አባቱ የሥራ ቤት ገብቶ ፥ አባቱ ሲያደርግ እንዳየው ጠፍር ለመብሳት ሲሞክር መሣሪያው አዳልጦ ዐይኑን ወጋው። መሣሪያው ወስፌ ነበረ ተብሎ ይነገራል። በዚያ ዘመን ቍስል የሚመረዝበትን ምክንያት ሐኪሞችም ገና አላወቁም ነበርና የተወጋው ዐይን አመረቀዘ ፤ ሕመሙም ወደ ደኅናው ዐይን ተላለፈ። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ሁለቱም ዐይኖቹ ፈጽመው ጠፉ።

በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ አገር የድኻ ልጅ ዐይኑ ከጠፋ የሚጠብቀው ዕድል ብዙውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ መለመን ነበረ። የሉዊ ወላጆች ግን ልጃቸውን ለዚህ አልተዉትም። አባቱ በትር ቈርጦ ሰጥቶ መንገዱን እየዳበሰ እንዲሄድ አስለመደው ፤ በሥራ ቤቱም አጠገቡ እያስቀመጠ ቀላል የቈዳ ሥራ ያሠራው ነበር። እንዲያውም ራሳቸው ክብ የሆኑ ምስማሮች በእንጨት ላይ እየመታ የፊደሎችን ቅርጽ በጣቱ እንዲያውቅ አድርጎታል ይባላል። የመንደሩ ቄስ አባ ፓሉዊ ልጁ አስተዋይ መሆኑን አይተው በቤታቸው ያስተምሩት ጀመር ፤ ቀጥሎም ከመንደሩ መምህር ከቤሽሬ ዘንድ አስገቡት። ሉዊ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተቀምጦ የሚነገረውን በጆሮው ብቻ እየያዘ ዐይን ካላቸው ከብዙዎቹ በለጠ። ባልንጀሮቹ መጽሐፋቸውን በገለጡ ጊዜ ግን እርሱ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ቄሱና መምህሩ ይህን ባዩ ጊዜ በፓሪስ ወደሚገኘው የዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤት እንዲገባ ደከሙለት።

ያ ትምህርት ቤት በዓለም የመጀመሪያው የዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ነው። መሥራቹ ቫላንቲን አዩዊ የሚባል ሰው ሲሆን በ1784 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲለምን ባገኘው በአንድ ዐይነ ሥውር ወጣት ነው ፤ የወጣቱም ስም ፍራንሷ ለስዩር ይባላል። አዩዊ ያሰበው ዘዴ ይህ ነበረ፦ ዐይናማ ሰው የሚያነበውን ፊደል አግዝፎ ይቀርጻል ፤ እርጥብ ወፍራም ወረቀትም በላዩ ይጫናል ፤ ወረቀቱ ሲደርቅ የፊደሉ ቅርጽ ከፍ ብሎ ይነሣል ፤ ዐይነ ሥውሩም በጣቱ እየዳሰሰ ያውቀዋል። ከዚህ በፊት ማንም ያላደረገው ነገር ነበርና ለአዩዊ ምስጋና ይገባዋል። ለዐይነ ሥውራን ማስተማር ይቻላል ብሎ ለዓለም ያሳየው እርሱ ነው።

ሉዊ በፌብሩዋሪ ወር 1819 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ ከዚህ ትምህርት ቤት ገባ። ቤቱ ያረጀ ፥ ጠባብና እርጥበት የበዛበት ነበረ ፤ ብሬል በኋላ ሕይወቱን ያሳጠረውን የሳንባ ነቀርሳ ያገኘው በዚያ ሳለ እንደ ሆነ ይታመናል። ትምህርቱ ሰዋስው ፥ ሒሳብ ፥ ጂኦግራፊና ሙዚቃ ነበረ ፤ እንጀራ እንዲሆናቸውም ለልጆቹ የእጅ ሥራ ያስተምሯቸው ነበር። ልጁ በጕጕት የጠበቀው ግን መጽሐፉን ነበረ።

መጽሐፉን ባገኘ ጊዜ ችግሩ ምን እንደ ሆነ ቶሎ ተረዳው። ፊደሉ በጣት እንዲታወቅ ትልቅ መሆን ነበረበት ፤ ፊደሉ ትልቅ ሲሆን በአንዱ ገጽ ላይ የሚገቡት ቃላት ጥቂት ይሆናሉ ፤ ወረቀቱም ወፍራም ስለ ሆነ በእጅ ሊያዝ የሚችል አንድ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ሆኖ ለአንድ ልጅ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ መጻሕፍቱ ውድና ጥቂት ነበሩ። ከዚህም የሚከፋ ነገር ነበረ። ለዐይን የተበጀ ፊደል ለጣት አይመችም ፤ ዐይን ቅርጹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያል ፥ ጣት ግን መሥመሩን ከዳር እስከ ዳር መከተል አለበት። ተማሪው የአንዱን ቃል መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። ደግሞም እንዲህ ያለውን ፊደል በእጅ መጻፍ ለዐይነ ሥውሩ አይቻለውም ፤ ማተሚያና ብዙ ድካም ይፈልጋል። መምህሩ ሲናገር ማስታወሻ መያዝ ፥ ሒሳብ ጽፎ ማረም ፥ ለእናት ደብዳቤ መላክ ፥ ይህ ሁሉ አልነበረም። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ማንበብን በጭንቅ ሰጠ ፥ መጻፍን ግን ሊሰጥ አልቻለም።

በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርቢዬ የሚባል በመድፈኛ ጦር ውስጥ መኰንን የነበረ ሰው አዲስ ጽሕፈት ወደ ትምህርት ቤቱ አመጣ። ባርቢዬ የፊደልን ቅርጽ ፈጽሞ ተወው ፤ በምትኩ በወረቀት ላይ በወስፌ ተወግተው ከበስተጀርባው የሚነሡ ነጥቦች አደረገ። ዘዴው እንዲህ ነው። የፈረንሳይኛን ድምፆች ሠላሳ ስድስት አድርጎ በስድስት ረድፍ ፥ በእያንዳንዱም ረድፍ ስድስት ስድስት አድርጎ ደረደራቸው። አንዱን ድምፅ ለመጻፍ ሁለት የነጥብ ዐምዶች ጐን ለጐን ይደረጋሉ ፤ በመጀመሪያው ዐምድ ያሉት ነጥቦች ቍጥር ረድፉን ፥ በሁለተኛው ያሉት ደግሞ በረድፉ ውስጥ ስንተኛ እንደ ሆነ ይናገራሉ። ለምሳሌ በመጀመሪያው ዐምድ ሦስት ፥ በሁለተኛው አምስት ነጥብ ቢኖር በሦስተኛው ረድፍ አምስተኛው ድምፅ ነው ማለት ነው። ልጆቹ ነጥቦቹን በዳሰሱ ጊዜ እጅግ ደስ አላቸው ፤ ነጥብ ከመሥመር ይልቅ ለጣት ግልጥ ነውና ፥ ወስፌና ወረቀት ያለው ሁሉም ሊጽፈው ይችላልና።

ሉዊ በዚያን ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረ። ጽሕፈቱን ተማረው ፤ ከተማረውም በኋላ ጕድለቱን አገኘ። የመጀመሪያው ጕድለት ርዝመቱ ነው። አንዱ ምልክት እስከ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ስለሚደርስ ከጣት ጫፍ በታች አይገባም ፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ መቍጠር አለበት ፤ ንባቡም ንባብ መሆኑ ቀርቶ ቈጠራ ይሆናል። ሁለተኛው ጕድለት ምልክቶቹ ለድምፅ እንጂ ለፊደል የቆሙ አለመሆናቸው ነው። ይህ ነገር በአማርኛ ምሳሌ በቀላሉ ይታወቃል። በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ብንጽፍ በግዕዝ ወጣ ማለት ነው ፥ ፀሐይ ሲወጣ እንደሚባለው ፤ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ብንጽፍ ግን የሌባ ሥራ ነው። ድምፁ አንድ ነው ፥ ጽሕፈቱና ትርጓሜው ግን ሁለት ነው። የፈረንሳይኛም አጻጻፍ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው ፤ በአፍ የማይነገሩ ብዙ ፊደላት በጽሕፈት ይቀመጣሉ። በባርቢዬ ዘዴ ብቻ የተማረ ልጅ የአገሩን ቋንቋ አጻጻፍ ሳያውቅ ይቀራል። ሦስተኛም ፥ ነጥብና ሰረዝ ፥ የሒሳብ ቍጥርና የዜማ ምልክት በዘዴው ውስጥ አልነበሩም።

ባርቢዬ ዐይናማ ፥ ታላቅ ሰውና የተከበረ መኰንን ነበረ ፤ ሉዊ ደግሞ ዐይነ ሥውር የመንደር ልጅ ነው። ይሁን እንጂ በጣት ማንበብ ምን እንደ ሆነ ከባርቢዬ ይልቅ የሚያውቀው ልጁ ነበረ ፤ ችግሩ በየቀኑ የእርሱና የባልንጀሮቹ ነበርና። ከትምህርት በተረፈው ሰዓት ፥ ሌሎቹ በተኙበት ሌሊት ፥ ለዕረፍትም ወደ ኩቭሬ በሄደ ጊዜ ወረቀትና ወስፌ ይዞ ነጥቦችን እየቀነሰና እየለወጠ ይሞክር ነበር። በ1824 ዓ.ም. ፥ ዐሥራ አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ ፥ ሥራው በዋናው ነገር ተፈጸመ። ሕፃን ሳለ ዐይኑን ያጠፋውና ጽሕፈቱን የሚጽፍበት መሣሪያ ዓይነታቸው አንድ መሆኑን ብዙዎች በመደነቅ ያነሡታል።

አሁን ጽሕፈቱ እንዴት እንደ ሆነ እንናገር። ብሬል ዐሥራ ሁለቱን ነጥብ ወደ ስድስት አወረደ። ስድስቱ ነጥቦች በሁለት ዐምድ ሦስት ሦስት ሆነው ይቆማሉ ፤ ይህም «ቤት» ይባል። በግራ ያለው ዐምድ ከላይ ወደ ታች አንድ ፥ ሁለት ፥ ሦስት ፤ በቀኝ ያለው አራት ፥ አምስት ፥ ስድስት ተብሎ ይቈጠራል። ቤቱ በቁመቱ ከስድስት ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም ፤ ስለዚህ መላው ቤት ከጣት ጫፍ በታች ይገባል ፥ ጣትም ሳይመላለስ በአንድ ዳሰሳ ያውቀዋል። የሥራው ምሥጢር ሁሉ በዚህ ነው።

ስድስት ነጥብ ለፊደል ሁሉ ይበቃልን ? የሚል ቢኖር ሒሳቡን ይሥራ። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ይነሣል ወይ አይነሣም ፤ ሁለት ዕድል አለው። ሁለትን ስድስት ጊዜ እርስ በርሱ ብናበዛው ስድሳ አራት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ምንም ነጥብ የሌለበት አንዱ ባዶ ቤት በቃላት መካከል ለሚደረገው ክፍተት ይሆናል ፤ የቀሩት ስድሳ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። የፈረንሳይኛ ፊደላት ፥ ነጥብና ሰረዝ ሁሉ ሊጻፍባቸው ይችላል።

አደራረጉም በዘፈቀደ አይደለም። የላቲን ፊደል የመጀመሪያዎቹ ዐሥሩ ፊደላት የተጻፉት በላይኞቹ አራት ነጥቦች ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፊደል አንደኛው ነጥብ ብቻ ነው ፤ ሁለተኛው አንደኛውና ሁለተኛው ነጥብ ነው ፤ ሦስተኛው አንደኛውና አራተኛው ነው። የሚከተሉት ዐሥር ፊደላት እነዚያው ዐሥሩ ናቸው ፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ላይ ሦስተኛው ነጥብ ይጨመራል። ከዚያም የሚቀጥሉት ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ነጥብ በመጨመር ይሠራሉ። ስለዚህ ተማሪው ዐሥሩን በሚገባ ካጠና የቀሩትን ማግኘት አይቸግረውም ፤ የግዕዝን ፊደል የሚያጠና ልጅ «ለ»ን ካወቀ በኋላ «ሉ»ንና «ሊ»ን ከቅጥያው እንደሚያውቅ ዓይነት ነው። ቍጥሮቹም እነዚያው የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ፊደላት ናቸው ፤ ዛሬ ባለው አጻጻፍ ከፊታቸው የቍጥር ምልክት ይደረጋል። የላቲኑ «ደብልዩ» ግን ከዚህ ሥርዐት ውጭ ሆኖ ይገኛል ፤ ምክንያቱም የዚያን ዘመን ፈረንሳይኛ በዚህ ፊደል ብዙም አይጠቀምም ነበርና ብሬል ከተራው አላስገባውም ፤ በኋላ ለሌሎች ቋንቋዎች ሲባል የተጨመረ ነው።

የሚጻፍበት መሣሪያ ሰሌዳና ወስፌ ነው። ሰሌዳው ወረቀቱን ከበታች ይይዛል ፤ በላዩም ትንንሽ መስኮቶች የተበጁበት ብረት ይቀመጣል ፤ እያንዳንዱ መስኮት የአንድ ቤት ልክ ነው። ጸሓፊው ጫፉ በደነዘ ወስፌ በመስኮቱ ውስጥ ወረቀቱን ይጫናል ፤ አይበሳውም። ነጥቡ የሚነሣው በወረቀቱ ጀርባ ስለ ሆነ ለማንበብ ወረቀቱ መገልበጥ አለበት ፤ ወረቀት ሲገለበጥም ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ከቀኝ ወደ ግራ ፥ እያንዳንዱንም ፊደል አዙሮ ይጽፋል ፤ ሲያነብ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ይህ ለሰሚው አስቸጋሪ ይመስላል ፤ ልጆች ግን በጥቂት ሳምንት ይለምዱታል። በገጠር ትምህርት ቤት ያለ መምህር ነገሩን ለተማሪዎቹ ለማሳየት ቢወድ ወፍራም ወረቀት በታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ጫፉ በደነዘ ምስማር ይጫን ፤ ከዚያም ገልብጦ ዐይናቸውን ጨፍነው እንዲዳስሱት ያድርግ። መጀመሪያ አንዱን ነጥብ ከሁለቱ መለየት ይቸግራቸዋል ፤ ጥቂት ከቆዩ በኋላ ግን ጣታቸው ይነቃል።

በትምህርት ቤቱ ጽሕፈቱ እንደ እሳት ተዛመተ። የዚያን ጊዜው የትምህርት ቤቱ ሹም ፒኝዬ ልጆቹ ለዕለት ሥራቸው እንዲጠቀሙበት ፈቀደላቸው። ከዚያ በፊት የመምህሩን ቃል በራሳቸው ብቻ ይዘው ይኖሩ የነበሩት ልጆች አሁን ማስታወሻ ይጽፉ ፥ እርስ በርሳቸውም ወረቀት ይላላኩ ጀመር። በ1829 ዓ.ም. ብሬል ዘዴውን በመጽሐፍ አወጣው ፤ መጽሐፉ ቃላትን ፥ ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያንን ዜማ በነጥብ ስለ መጻፍ የሚናገር ነበረ። የሚያስደንቀው ነገር ይህ መጽሐፍ የታተመው በአሮጌው በአዩዊ ጐላ ያለ ፊደል ነው። በውስጡም መነሻውን ከባርቢዬ እንዳገኘ ብሬል ራሱ ገልጦ ምስጋናውን ሰጥቷል ፤ የሰውን ሥራ የራሱ አላደረገም። በዚህ የመጀመሪያ መጽሐፍ ከነጥብ ጋር አጫጭር ሰረዞችም ነበሩ ፤ ነገር ግን ለመጻፍ ስለማይመቹ በ1837 ዓ.ም. በወጣው ሁለተኛ እትም ተዋቸው።

ዜማውን መርሳት አይገባም። ብሬል ኦርጋን የሚመታ ሰው ነበረ ፤ በፓሪስ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ሥራ ተቀጥሮ አገልግሏል። ከእርሱ በፊት ዐይነ ሥውር ሙዚቀኛ የሚማረው ሌላው ሲመታ እየሰማ ብቻ ነበረ። ብሬል ግን እነዚያን ስድሳ ሦስት ምልክቶች ለዜማም አዋላቸው ፤ ዐይነ ሥውሩም ምልክቱን በአንድ እጁ እያነበበ ፥ በሁለተኛው እየመታ ያጠና ጀመር። ብዙዎቹ በዚህ ሙያ እንጀራቸውን አገኙ ፤ ከደጅ ጥናትና ከልመና ወጥተው ደመወዝ የሚቀበሉ ሰዎች ሆኑ።

ብሬል በ1833 ዓ.ም. በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ፈተናው ግን ገና አልተፈጸመም ነበር። በ1840 ዓ.ም. ፒኝዬ ከሹመቱ ተሻረና ዱፎ የሚባለው ተተካ። ዱፎ ከነጥቡ ይልቅ በዐይናማ ሰው የሚነበበውን ጐላ ያለ ፊደል መረጠ ፤ አሮጌዎቹን መጻሕፍት አቃጠለ ፥ በብሬልም ጽሕፈት መጠቀምን ከለከለ ተብሎ ይነገራል። ምክንያቱ ክፋት ብቻ አልነበረም። ዐይነ ሥውራን ለብቻቸው የሚያውቁት ጽሕፈት ካላቸው ከሌላው ሰው ይለያሉ ፥ ዐይናማው መምህርም የተማሪውን ሥራ ማረም አይችልም የሚል አሳብ ነበረ። ይህ አሳብ ፈጽሞ ከንቱ ነው አይባልም ፤ ነገር ግን የተለካው በዐይናማው መምህር ምቾት ነው እንጂ በተማሪው ጣት አይደለም። ተማሪዎቹ በተከለከሉ ጊዜ ከመኝታቸው በታች ወስፌያቸውን ደብቀው በስውር ይጽፉ ፥ ታላላቆቹም ታናናሾቹን ያስተምሩ ነበር ይባላል።

ብሬል ራሱ ይህን የመለያየት ነገር ቸል አላለውም ነበር። ከክልከላው በፊት በ1839 ዓ.ም. ሌላ ዘዴ አውጥቶ ነበር ፤ ይኸውም ዐይናማው የሚያውቀውን የላቲን ፊደል ቅርጽ በተነሡ ነጥቦች የሚሥል ነው። ዐይነ ሥውሩ በዚህ ለእናቱ ደብዳቤ ቢጽፍ እናቱ በዐይኗ ታነበዋለች። ሆኖም ነጥቦቹን አንድ በአንድ መውጋት አድካሚ ነበርና ፉኮ የሚባል ፥ እርሱም ዐይነ ሥውር የሆነና በእጅ ሥራ የሠለጠነ ወዳጁ ፥ ነጥቦቹን በመጫን የሚያትም መኪና ሠራለት። ይህ መኪና የጽሕፈት መኪና በየቢሮው ከመለመዱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ የተሠራ ነው።

በ1843 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ከእርጥቡ ቤት ወጥቶ ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛወረ ፤ በፌብሩዋሪ ወር 1844 ዓ.ም. ሕንፃው ሲመረቅ የትምህርት ቤቱ ረዳት ሹም ጋዴ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ስለ ብሬል ጽሕፈት ተናገረ ፤ ልጆቹም እየጻፉና እያነበቡ አሳዩ። ዱፎም ከዚያ ወዲህ መቃወሙን ተወ። ሹም ሐሳቡን በሕዝብ ፊት መለወጡ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለምና ይህም ለዱፎ ሊቈጠርለት ይገባል።

ብሬል ግን ከዚያ በኋላ ጤና አላገኘም። ሳንባው እየደከመ ማስተማሩን እየተወ ሄደ። በጃንዋሪ 6 ቀን 1852 ዓ.ም. ፥ አርባ ሦስት ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን ሞተ። ከሞቱ በኋላ ሳይከፈት እንዲቃጠል የተናዘዘው አንድ ትንሽ ሣጥን ነበረ ይባላል። ወራሾቹ ቢከፍቱት በውስጡ ያገኙት ለተቸገሩ ተማሪዎች ያበደረውን ገንዘብ የሚናገሩ የብድር ወረቀቶች ነበሩ ፤ ባለዕዳዎቹ እንዳይጠየቁ ብሎ ነው። ከደመወዙና ኦርጋን በመምታት ካገኘው እየቈጠበ ለልጆች ይሰጥ እንደ ነበረ የሚያውቁት ሁሉ መስክረዋል።

በፈረንሳይ አገር ጽሕፈቱ በመንግሥት ትምህርት ቤት የታወቀው በ1854 ዓ.ም. ነው ፤ ብሬል ሁለት ዓመት ቢቆይ ኖሮ ባየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ ፤ በ1878 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰበ የዐይነ ሥውራን መምህራን ጉባኤ ለየአገሩ እንዲሆን መከረ። እያንዳንዱ አገር በራሱ ቋንቋ ልክ አደራረገው እንጂ ስድስቱ ነጥብ በየትም አንድ ነው። ከሞተ መቶ ዓመት በሆነ ጊዜ ፥ በ1952 ዓ.ም. ፥ አፅሙ ከኩቭሬ ተነሥቶ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚቀበሩበት በፓሪስ ወደሚገኘው ፓንቴዎን ተወሰደ። የእጆቹ አጥንት ግን በኩቭሬ እንዲቀር ሆነ ፤ የመንደሩ ሰዎች በመቃብሩ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ጠብቀውታል።

ይህ ጽሕፈት ለአማርኛም ተዘጋጅቷል። የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ሰባት ዓይነት ስላለው በስድሳ ሦስት ምልክት እንዴት ይጻፋል ? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል ለየብቻ ለመጻፍ ብንሞክር ስድሳ ሦስቱ አይበቁምና ጥያቄው ተገቢ ነው። ያልተሞከረውም ስለዚህ ነው። በአማርኛው ብሬል ፊደሉ በሁለት ይከፈላል ፤ አስቀድሞ የፊደሉ ዘር ፥ ቀጥሎም የድምፁ ምልክት ይጻፋል። «ሉ»ን የሚጽፍ ልጅ ለ«ለ» ዘር የተሰጠውን ቤት ይወጋና ከአጠገቡ የካዕብን ምልክት ያደርጋል ፤ «ሙ»ንና «ሩ»ንም ሲጽፍ ያው የካዕብ ምልክት ይመጣል። ስለዚህ ዐይነ ሥውር ልጅ የሚያጠናው የዘሮቹን ምልክቶችና የድምፆቹን ጥቂት ምልክቶች ብቻ ነው ፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ልጅ በዐይኑ የሚያነበውን ትምህርት እርሱ በጣቱ ያነበዋል ፤ የሌሊቱም ጨለማ አያግደውም ፤ ኵራዝ ሳያስፈልገው ያጠናል።